በደጃፉ ምንጣፍ ላይ የቀረ ውሃ

ዶክተር ራዲም ቮንድራ ከበሽተኛው ፍራሽ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። የተመታበት የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን ግድግዳው ሥር ተንከባሎ ቆሟል። በሽተኛው፣ ጡረተኛው የከሰል ቆፋሪ ኮውትኒ፣ ዓይኑ በጨርቅ እንደተሸፈነ የሐኪሙን ቁስል በሁለት እጁ ጨቁኖ ይዟል።

«ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ አለ?» አለ የዝላትኒክ የመንግሥት አእምሮ ሆስፒታል ዳይሬክተር፣ ዶክተር ሂኔክ። «ኀዘን ላደቀቀው ሰው የሚያቃዥ እንጉዳይ ሰጥተን ምን ጠብቀን ነበር? ሰውዬው ይታሰር፤ ክፍሉም ዛሬውኑ ይታሸግ።»

የፖሊሷ ሻምበል ድራሆሚራ የሚያስቸኩላት ሰው አትወድም። «ማሸግ የኔ ሥራ ነው። እርስዎ ይቀመጡ።» ወደ ኮውትኒ ዞረች። «እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

«ሚስቴ ከሞተች ዛሬ ገና አለቀስኩ። ያስለቀሰኝን ሰው ልግደል? ዓይኔ ብዙ ጉድ አይቷል፤ ጆሮዬ ግን አልሰከረም። የሲስተር የቤት ውስጥ የእንጨት ጫማ እየተንኳኳ ወጣ። ከዚያ ሌላ ሰው ገባ፤ እንደ ድመት፣ ኮቴ የለውም።»

«የእንጉዳይ ምስክር!» አለ ሂኔክ።

ሲስተር ብላዜና ዓይኗ ቀልቷል። «ውሃ ላመጣ ነው የወጣሁት። እንጉዳይ የወሰደ በሽተኛ ብቻውን አይተውም፤ ከሁለት ጠባቂ አንዱ ሁልጊዜ አብሮት ይቀራል፤ ዶክተሩ ቀረ።»

በቦታው የነበረው ብቸኛ እንግዳ በከተማው የግል ክሊኒክ ያለው ዶክተር ኩባት ነው። ዳይሬክተሩን ሊያነጋግር መጥቶ ነበር። «እኔ ጩኸት እስክሰማ ከመኪናዬ አልወረድኩም፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ሬሳው አልቀረብኩም» አለ። «ቮንድራ አብሮኝ ነው የተማረው። እኔ ይህን የእንጉዳይ ሕክምና ለሚከፍል እሰጣለሁ፤ እሱ ለመጣው ሁሉ በነፃ ካልሰጠሁ ይል ነበር። የዋህ ነበር።»

ውጭ በረዶው ቀልጦ ግቢው ጨቅይቷል። የክፍሉ ወለል ግን ጭቃ አልነካውም፤ ስለዚህ ፖሊሶቹ ከውጭ ማንም አልገባም ብለዋል። ድራሆሚራ ወደ አትክልቱ ስፍራ እስከሚያስወጣው በር ሄዳ አጎነበሰች። ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት የጫማ ቅርጽ ያለው ቆሻሻ ውሃ አለ።

«በዚህ በር ማን ይገባል?»

«በክረምት ማንም አይገባበትም» አለች ብላዜና።

ድራሆሚራ ሁሉንም በዋናው በር አውጥታ፣ ዞረው በአትክልቱ በር እንዲገቡ አዘዘች። ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ምንጣፉ ላይ ቆመው ጫማቸውን አወለቁ። ኩባትም አወለቀ።

«እዚህ አገር በጫማው ቤት የሚገባ ጎርፍ ብቻ ነው» አለች። «ጭቃ ስላልነበረ የውስጥ ሰው ነው አላችሁ። ሲስተርና ዳይሬክተሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከቤት አልወጡም፤ ጫማቸው አሁን ከማስወጣቴ በፊት ደረቅ ነበር። ይህ ውሃ ከውጭ የመጣ ሰው ጫማ የተወው ነው። ኮቴው ያልተሰማው በካልሲ ስለሄደ ነው። ሊገድል መጥቶ እንኳ ጫማውን አወለቀ፤ እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች።»

የኩባትን ጫማ አንስታ ገለበጠችው። ውጩ ላይ ከጭቃ በቀር ምንም የለም፤ ውስጡ ያለው ነጭ ሱፍ ላይ ግን የደረቀ ደም አለ።

«ወደ ሬሳው አልቀረብኩም ብለው ነበር። ጥቁር ካልሲ ደም ይደብቃል፤ ነጭ ሱፍ አይደብቅም።»

ኩባት እግሮቹን አየ። «መንግሥት በነፃ ከሰጠ ማን ወደ እኔ ይመጣል?» አለ ቀስ ብሎ። በካቴና ወሰዱት።

ሂኔክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያም ሆኖ ወሬው እስኪበርድ ክፍሉን ብንዘጋው…»

ብላዜና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። «የገደለው እንጉዳይ አይደለም። ነገ በሽተኛ አለኝ።»

«ሁለት ጠባቂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሞቷል እኮ።»

ኮውትኒ እጁን ታጥቦ ተመልሶ ፍራሹ አጠገብ ቁጭ ብሏል፤ የሚነሳም አይመስልም።

«እርስዎስ ሐኪም አይደሉም እንዴ፣ ዶክተር ሂኔክ?» አለች ድራሆሚራ። «ጫማዎንም አውልቀዋል። ይግቡ።»