መስመር በሌለበት የመጣ ድምፅ

እኔ በእውነቱ ለእንዲህ ዓይነት ወሬ ጆሮ የምሰጥ ሰው አልነበርኩም፣ ጂንካ ተወልጄ ሳድግ ስንቱን ሰምቼ ስቄበት አልፌአለሁ፣ ሥራዬም ኮምፒውተርና ገመድ ነው፣ ገመድ ደግሞ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ መሃል የለውም። ይቺን ግን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ሱቄ ጓዳ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጌ አስቀምጬ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ከቱርሚም ይሁን ከሃና መንደር ደውሎ በድምፁ መልእክት ይተዋል፣ ጂንካ ያለው ዘመዱ መጥቶ ይሰማል፣ በቃ ይኸው ነው። መጀመሪያ የመልእክቱን ርዝመት ገድቤው ነበር፣ ግን የሐመር ሽማግሌ ከብቱን፣ ማሽላውን፣ ቀፎውን ሳያነሳ ወደ ጉዳዩ አይገባም፣ ሰላምታው ሳያልቅ ማሽኑ እየቆረጠበት ስንቱ ሰደበኝ መሰላችሁ! ገደቡን አነሳሁት። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥም ማሽኑ ራሱ ወደ ሲም ካርድ ሞደም እንዲዞር አድርጌ ነበር፣ በዚህማ ደረቴን እነፋ ነበር።

ዱካ የምትባል የሐመር ልጅ ነበረች፣ ጂንካ ነርስነት የምትማር። አባቷ የመረጠላትን ባል እምቢ ብላ ስለመጣች አኩርፏት ምርቃቱን ከልክሏታል፣ ያለ አባት ምርቃት ደግሞ መማሩም መውለዱም አይሰምርም ይላሉ። አባቷ መታመሙን ከሰማች ወዲህ ከትምህርት ስትወጣ እየመጣች "ጋሼ፣ የኔ አለ?" ትለኛለች። "የለም" ስላት አንጀቴን ትበላው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደና መብራቱም ኢንተርኔቱም የስልክ ኔትወርኩም በከተማው ሙሉ ድርግም አለ። ዱካ ሱቄ ተጠልላለች፣ ማሽኑ በባትሪ እየሠራ ነው። በዚህ መሃል ከጓዳ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቀጥሎ መልእክት ሲገባ የሚሰማው ጥሪ። ገብቼ ሳይ ቀይ መሆን የነበረበት የሞደሙ መብራት አረንጓዴ ነው። ስፒከሩን ከፈትኩት፣ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ፣ ከዚያ በሐመርኛ የሚናገር የሽማግሌ ድምፅ።

"አባቴ ነው!" አለች ዱካ ከኋላዬ።

ኔትወርክ የለም እኮ! የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ፣ ድምፁ ቀጠለ። ሲም ካርዱን አወጣሁ፣ እመኑኝ፣ ካርዱን እጄ ላይ ይዤው ሽማግሌው ይናገራል። ዱካ ግን ይሄ ሁሉ አልታያትም፣ ስፒከሩ ላይ ተደፍታ በሹክሹክታ ትተረጉምልኛለች።

"ከብቶቹ ደህና ናቸው ይላል... ማሽላው ፍሬ ይዟል... አሁን ቀፎው ጋ ደረሰ። ጋሼ፣ ከቀፎው በኋላ የኔ ነው!"

እኔ ግን የኢየሱስን ስም ጠርቼ የባትሪውን ገመድ መዘዝኩት።

ጭጭ አለ። ማሽኑን ደግሜ ሳስነሳው መልእክቱ ተቀድቶ ስላላለቀ አንዲት ቃል አልተረፈችም። ዱካ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጣች። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

መንገዱ ሲደርቅ ወንድሟ ኦይታ ከቱርሚ በጭነት መኪና መጣና ሱቄ በር ላይ አገኛት። አባትየው ዝናቡ በጣለበት በዚያው ቀን አርፏል። የሰማነውን ድምፅ ስንነግረው፣ ልሳኑ ከተዘጋ ሰንብቷል አለን፣ ስልክ የሚባል ነገርም በእጁ ይዞ አያውቅም።

"ግን ያን ቀን ከሰዓት ከንፈሩ ብዙ ሲንቀሳቀስ ነበር" አለ ኦይታ። "ድምፅ የለም። እኛ ስንጠጋ በእጁ ከለከለን። ሲጨርስ ወደ ጂንካ በኩል አሳየን፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።" ወደ እህቱ ዞረ። "ለአንቺ ነበር አይደል? መረቀሽ?"

ዱካ አንድ ጊዜ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"መርቆኛል" አለችው።

ኦይታ እፎይ አለ። እኔን ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ሰውየው ተናግሮ ጨርሷል፣ ገመዱን ከመዘዝኩት በኋላ ያለውን ማን ሰማው?