ያልታጠበው ጋዋን

እመኑኝ አልልም። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የዱር እንስሳት ፓርኩ ውስጥ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ባለቤቱ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውና "ጥርሱ" የምንለው ባልደረባዬ ነበርን። ሊጎበኙ የመጡ ሌሎች ልጆችም ነበሩ።

እኔ የምሠራው እዚያው ነው። ጦጣዎቹን እመግባለሁ።

አንዷን ጦጣ እናቷ ስትሞትባት በጡጦ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስሟ እሜቴ ነው። ከእኔ እጅ ካልሆነ አትበላም። የምታውቀኝ በጋዋኔ ሽታ ስለሆነ ጋዋኑን በሳሙና አላጥበውም። ለሌላ ሰው አላውሰውም። የሥራችን ደንብ ነው።

ጥርሱ ደግሞ የልጆችን ፕሮግራም ይመራል። ሲስቅ ውሎ ሲስቅ ይገባል፤ አፉ ቅቤ ነው። ልጆቹን ሣሩ ላይ ያስቀምጥና፣

"መናገር የፈለገ እግሩን አጣጥፎ ቀኝ እጁን ያወጣል! ሳልፈቅድ ማንም አያወራም!" ይላቸዋል።

የወንድሜ ልጅ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች።

"እሺ የኔ ንግሥት፣ ተናገሪ!"

"ጋሼ፣ አጎቴ አንተ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜማ እንባው እስኪመጣ ስቆ፣

"ምን ታድርግ፣ የእሷ አጎት የሚያወራው ከጦጣ ጋር ብቻ ነው!"

እኔም ሳቅኩ... አንጀቴ ግን አረረ።

ከተወለደች ጀምሮ እሹሩሩ እያልኩ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ጥርሱ ካወቃት ገና አንድ ሰዓቱ ነው።

"ምናለ እንደ እሜቴ የኔ ብቻ ብትሆን..." አልኩ በልቤ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ የልጅቷን እጅ ይዤ ከጦጣዎቹ ቤት ጀርባ ወሰድኳት። ጥርሱ ሊያሳያት የማይችለውን ላሳያት ብዬ ነው። እሜቴ እንዳትቆጣባት ደግሞ ጋዋኔን አውልቄ አለበስኳት።

ረዝሞባት ወለሉን ይጠርጋል።

ሁልጊዜ የሚንጫጩት ጦጣዎች ዝም አሉ... ሁሉም።

እሜቴ ቀስ ብላ መጣች። በሽቦው ቀዳዳ እጇን አውጥታ እጅጌውን ሳብ አድርጋ አሸተተች። እኔን አየችኝ። ልጅቷን አየች። ደግማ እኔን...

ስትቀና አውቃታለሁ። ትጮኻለች፤ ሽቦውን ትነክሳለች።

ያን ቀን አልጮኸችም። አፏን ወደ ልጅቷ ጆሮ አስጠግታ ቆየች።

የልጅቷ ሳቅ ቆመ።

"ምነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"እያወራችኝ ነው።"

"ጦጣ አታወራም እኮ፣ የኔ እናት።"

"ዝም በል... ልስማት።"

"ምን አለችሽ?"

"'እሱ የማን ነው?' አለችኝ።"

"አንቺስ?"

"አጎቴ የኔ ነው አልኳት።"

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን... ደስ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ለእሜቴ ሙዝ ይዤላት ገባሁ። ዞር ብላም አላየችው። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው።

"ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ አልወርድም ብላለች። ቃል አትተነፍስ፣ እህል አትቀምስ። እዚህ ረስተኸው የሄድከውን ሹራብ ታቅፋ ታሸተዋለች... ምንድን ነው ያሳየሃት?"

እኔ እሜቴን እያየሁ ነበር።

ወለሉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

ቀኝ እጇን አውጥታለች።

ዓይኗ እንባ ሞልቶ... እንድፈቅድላት ትጠብቃለች።

አልፈቀድኩላትም።

ጋዋኔን እንደለበስኩ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ከቁም ሳጥኑ ሥር ቆሜ ሙዙን ዘረጋሁ።

መጀመሪያ እጅጌዬን አሸተተች። ከዚያ ከእጄ በላች።