ያልታጠበው የጥንቸል ልብ

ላሚዲን ያዋረዱት የሞሮላዮ አባት ናቸው። ረቡዕ ጠዋት፣ ኢባዳን ከተማ፣ ሁለቱ የሚውሉበት ኮሌጅ በር ላይ።

እንደ አገሩ ወግ ደረቱን መሬት አስነክቶ ሰላም አላቸው። ሽማግሌው «ተነስ» ካላሉት አይነሳም። አላሉትም። ከዘበኛው ጋር የኮኮዋ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«ባባ፣ ልጁ መሬት ላይ ነው እኮ» አለ ዘበኛው።

«ጥንቸል ቀላቢ አይደል? ሣሩ ላይ ይቆይ፣ ለምዶታል!»

ዘበኛው ሳቀ። ሞሮላዮ አባቷ አጠገብ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ላሚዲን ከስድቡ ይልቅ ያ ዝምታዋ አንገበገበው።

የተዋደዱት እዚያው ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ነው፤ እሷ ተማሪ፣ እሱ ዕቃ አጣቢና ጥንቸል ቀላቢ። አንድ ቀን ስለ አድሬናሊን አስረድታው ነበር።

«ስትደነግጥ በደምህ ይሮጣል። ልብ ላይ ተቀባዮች አሉ፤ ሲነካቸው ልብህ ይፈጥናል። ሳያቋርጥ ከጨቀጨቃቸው ግን ሰልችተው መስማት ይተዋሉ።»

«እንደ ባል በያቸዋ!» ብሎ አሳቃት።

ያን ረቡዕ ከሰዓት የመመረቂያ ፈተናዋ ነበር። የጥንቸል ልብ ቁራጭ በአድሬናሊን እንዴት እንደሚፈጥን ካላሳየች ዓመቱን ትደግማለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሞክራው ሠራላት።

«ላሚዲዬ፣ ደርሼ ልምጣ። አድሬናሊኑን በጨው ውሃ እጠብልኝና ልቡ ይረፍ» ብላው ወጣች።

የጨው ውሃውን አነሳ። የዘበኛው ሳቅ ጆሮው ላይ አቃጨለ። መልሶ አስቀመጠው።

«አባቷ ይጠቡላት።»

ሞሮላዮ እያለከለከች ከመምህሩ እኩል ገባች። ጠብታውን ጨመረች። የልቡ ምት ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ደገመች። ምንም።

«ሳታጥቢው ትተሽዋል» አሉ መምህሩ መነጽራቸውን እያወለቁ።

ሞሮላዮ ወደ ላሚዲ ዞረች። እሱ ባልዲው ላይ አቀርቅሯል።

«አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት። ዓይኗ ደርቋል።

«የት ሄደሽ ነበር አትለኝም? አባቴ ሱቅ። ጠዋት ፈርቼ ዝም ስላልኩ እህል አልወርድልኝ አለ። ‹የማገባው ላሚዲን ነው፤ ዳግመኛ መሬት ላይ ቢተዉት እኔም አጠገቡ በደረቴ እተኛለሁ› አልኳቸው።»

ላሚዲ ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ጮኹ፣ ተራገሙ፤ እኔ ግን ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ረስተኸው ነው አይደል?»

«አዎ» ቢላት ታምነው ነበር። እንዲላትም ዓይኗ ይለምነው ነበር።

ባልዲውን አነሳና ሳይመልስላት ሄደ።