ጥቁሩ ከላይ ነው

ሥዕሉ ተገልብጦ ተሰቅሏል።

እንቅልፌ የተማሪዎች ሥዕል በተሰቀለበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ክፍል ውስጥ ስለምታንጎላጅ ይህን ስም ያወጣችላት ጓደኛዋ ሬዲዮ ናት፤ ሬዲዮም የራሷን ስም ያገኘችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። የእንቅልፌ እናት ማታ ማታ የሆስፒታል አንሶላ ለማጠብ ስትወጣ፣ መንታ ወንድሞቿን የምታበላውም፣ የምታስተኛውም፣ ሲያለቅሱ የምትነሳውም እንቅልፌ ናት። የእንቅልፍ ዕዳዋን የምትከፍለው ክፍል ውስጥ ነው።

ሬዲዮ ከኋላ ደርሳ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። «አየሽ? አንደኛ! ለክረምቱ የሥዕል ትምህርት የተመረጥሽው አንቺ ነሽ። ቀለሙም ብሩሹም በነፃ ነው አሉ። ጋብዢኝ እንጂ!»

«ተገልብጧል እኮ።»

«እኔ ነኛ የገለበጥኩት!» ሬዲዮ ሳቀች። «አንቺ ዴስክ ላይ ተደፍተሽ ስታንኮራፊ ማን ያስረከበልሽ መሰለሽ? ጥቁሩን ከላይ አድርጌ ብሰጠው ቲቸር ‹ሚዛን የለውም› ብሎ ዜሮ ያከናንብሽ ነበር። ከባዱን ከታች አድርጉ ሲል አልሰማሽማ። ‹እንደዚህ ነው ያለችው› አልኩት፣ አለቀ።»

እንቅልፌ ቀና ብላ አየችው። ነጭ ወረቀት፣ ከጥቁር ወረቀት የተቆረጠ ትልቅ አራት ማዕዘን፣ ወገቡ ላይ ትንሽ የጎበጠ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር። ሌላ ነገር የለውም። ጥቁሩ ከታች ተዘርፍጦ ተቀምጧል፤ መስመሩ አናቱ ላይ እንደ አንቴና ተተክሏል። መምህሩ ከሥሩ በለጠፏት ብጣሽ ወረቀት ላይ «የቅርጽና የባዶ ቦታ ሚዛን። እረፍት» ይላል።

እረፍት! ሳቋ መጣ። ስትሠራው ስለ ማን እንደሆነ አላሰበችም ነበር። ስለ እናቷ ሊሆን ይችላል። ስለ ራሷም።

«ለቲቸር ልነግራቸው ነው» አለች።

«አብደሻል? እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ? ደግሞ ሚዛን የለውም ብሎ ቢሰርዝሽስ? ክረምቱ ገደል ይግባ?»

ለእንቅልፌ ዝም ማለት ይቀላት ነበር። ዓመቱን ሙሉ እሺ ስትል ከርማለች፤ ለዚህም እሺ ብትል ማንም አይታዘባትም። ደክሟታል። ቢሆንም ጥግ ላይ የነበረውን ወንበር ጎትታ መጣችና ወጣችበት። ሥዕሉን ከሚስማሩ አወረደች፣ ገልብጣ መልሳ ሰቀለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

መምህሩ ናቸው፤ መዶሻ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሬዲዮ ጫማዋን ታይ ጀመር።

«ቲቸር፣ እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። ጥቁሩ ከላይ ነው።»

መምህሩ ቀረብ ብለው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

«ይሄ ሁሉ ክብደት፣ ክር በምታህል መስመር ላይ?» አሉ። «ይወድቃል እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«አይወድቅም። ይዛዋለች።»

መምህሩ ብጣሿን ወረቀት ነቅለው በእጃቸው ያዟት። ስለ ምርጫው ምንም አላሉም። እንቅልፌም አልጠየቀችም። ወረደችና ወንበሩን ወደ ሥዕሉ አዙራ ተቀመጠችበት።