የደርበው ባሌስትራ

ደርበው ከካሚዮኑ ሥር ሲያወጡት መፍቻውን እንደጨበጠ ነበር። ጣቱን ማላቀቅ አቅቷቸው ከነመፍቻው ቁርበት ላይ አስተኙት።

አቻምየለሽ ስትደርስ አገሩ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ወደ ውስጥ የገባው ጥቂት ነው። የባለእጅ ግቢ ነዋ! ብረት ከሚቀጠቀጥበት ቤት ሰው ዘው ብሎ አይገባም፣ ሬሳ እንኳ ቢኖርበት።

«እንኳን መጡ እመት» አለ ግራዝማች ክንዱ። የዚያ ቀበሌ አርበኞች አለቃ ነው። ቀኝ እጁን ጥይት ከመታው ወዲህ በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። «ነገሩ ያለቀ ነው። ገዳዩን አስሬዋለሁ። አውጫጩን ይምሩልኝና ከቀትር በኋላ እሰቅለዋለሁ።»

«ካለቀ እኔን ለምን አስጠሩኝ?»

«ወጉ እንዳይቀር።»

«ለወግ ቢሆን ቤቴ እቀር ነበር» አለች አቻምየለሽ።

ባሏ ዳኛ ነበር። ጣሊያን ቡሬ በገባ ጊዜ ሞተ። በሕይወቱ ሳለም ቢሆን ነገር ሲጠፋበት ማታ ቤቱ ገብቶ ማንን እንደሚጠይቅ አገር ያውቀዋል። አሁን ሰው እሱን መሀል ሳያስገባ በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣል።

የታሰረው ቢሰጥ ነው፣ ሾፌሩ። ለጣሊያን ሲነዳ ኖሮ ካሚዮኑን ይዞ ለአርበኛ የገባ፤ ግራዝማች ግን አሁንም የጣሊያን ሰው ነው ይለዋል። ከቡሬ በላይ ባለው ዋሻ ቁስለኞች ተኝተዋል። በሱዳን በኩል ከገባው ጦር ጋር ሐኪም መጥቶ እንጅባራ ሰፍሯል ተብሏል። ግን ጥርጊያው መንገድ በቡሬ ምሽግ ሥር ነው የሚያልፈው፣ መትረየሱ አፍ ሥር። ያለው ማለፊያ በእርሻውና በገደላገደሉ፣ በድንጋዩ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሞክረው የካሚዮኑ ባሌስትራ ተሰበረ፤ ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ እንደ ቀስት ጎብጦ ጭነቱን የሚቀበለው ተደራራቢ ብረት። ያንን ነበር ደርበው ከተቃጠለ ካሚዮን ብረት ፈትቶ፣ በገዛ ግቢው፣ በወናፍና በከሰል፣ አርዝሞና አጉብጦ ለድንጋይ እንዲሆን አድርጎ የሠራው።

ቢሰጥ ከተሰቀለ ካሚዮኑን የሚነዳ ሌላ ሰው የለም። ከቁስለኞቹ አንዱ ደግሞ የወንድሟ የዘሩ ልጅ ነው፤ እጅጉ። እግሩ መሽተት ጀምሯል።

ካሚዮኑ በጉማጅ ግንድ ተደግፎ ነበር። አንዱ ግንድ ተንከባሎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ካሚዮኑ ደርበው ላይ የወደቀው ያኔ ነው። አቻምየለሽ ነጠላዋን ሸብ አድርጋ ተንበረከከች። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ደረቅ። የሚያንሸራትት ነገር የለውም። በግንዱ የውጭ ፊት ላይ ልጡ ተገሽልጦ ነጩ እንጨት ወጥቷል።

«አልተንሸራተተም። ተመትቷል።»

«እኮ!» አለ ግራዝማች። «በመዶሻ መታው።»

መዶሻዎቹ እዚያው አጠገብ ናቸው፣ ከግንዱ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት። ትልቁን አንሥታ ከቁስሉ ጋር ልታስተያይ እጇን ሰደደች።

እጇ ተመለሰ። እሷ አልመለሰችውም፤ ራሱ ተመለሰ።

ዙሪያዋን አየች። የደርበው ሚስት ገላነሽ ከሬሳው ራስጌ ሆና እያየቻት ነው።

«አይፍሩ እመት፤ አይበላም» አለች ገላነሽ።

አቻምየለሽ ፊቷ ጋለ። መዶሻውን አነሣች። ከግንዱ ቁስል ጋር አስተያየችው፤ አይገጥምም። የመዶሻው ፊት ልሙጥ ነው፣ ቁስሉ ግን የተቦጫጨረ፣ አፈር የገባበት። መዶሻውን አስቀመጠች። እኔ ብሆንስ ኖሮ በምን እመታው ነበር? አለች በልቧ። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ካቡ ሄደች፣ ግቢውን እስከ ጥግ አቋርጣ። ከካቡ አንድ ድንጋይ ተነቅሏል። ሥሩ ገና እርጥብ ነው፣ ጉንዳኑ ይተራመሳል። ድንጋዩን ራሱን ሳማ ውስጥ ተጥሎ አገኘችው። የእንጨት ስንጥር ተሰክቶበታል። በሁለት እጅ ካልሆነ አይነሣም።

ወደ ቢሰጥ ሄደች።

«ጠዋት የት ነበርህ?»

«ምንጭ ወርጄ። ለሞተሩ ውሃ ልቀዳ።»

«ማን አየህ?»

«ውሃው።»

«ሊሰቅሉህ ነው፣ አንተ ትቀልዳለህ?»

«ባልቀልድም ሊሰቅሉኝ ነው እመት።» ዓይኑ ቀልቷል። «ካንድ ገበታ ስንበላ ነው የከረምን። ‹ባንዳና ቡዳ ተገናኙ› እያለ ሰው ሲስቅብን እሱ ከሰው ብሶ ይስቅ ነበር። ከሱ ሌላ ምን ሰው አለኝና እሱን ልግደል?»

«እጅህን አሳየኝ።»

የታሰረውን እጁን ገለበጠላት። ከሰሉ እስከ ክንዱ ድረስ ጠልቆ ገብቷል። መዳፉ በመዶሻ ውሃ ቋጥሯል።

ወደ ገላነሽ ተመለሰች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያ አገር የዳኛ ሚስት ባለእጅ ቤት መሬት ላይ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ዛሬ ጠዋት ማን መጣ?»

«ግራዝማች መጡ። ‹ዛሬ ካላለቀ ወዮልህ› ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ወንድምዎም መጡ፣ አቶ ዘሩ። ከየቤቱ ጠፍር አዋጡ ተብሎ የለ፤ የሳቸውን በአጥሩ ላይ ወርውረው ተመለሱ። ከዚያ እኔ የሸክላ አፈር ልቆፍር ወረድሁ። እሱን... ቡና እንኳ ሳላቀምሰው።» አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ከቤቱ የጎደለ ነገር አለ?»

«ምን አለንና ይጎድላል። ልጡ ነው እንጂ።»

«የምን ልጥ?»

«ዋሻ ወጥቶ ቁስለኞቹን ለክቶበት የመጣው። ‹ብረቱ ከጠነከረ ያንገጫግጫቸዋል፣ ከላላ ይደፋቸዋል፣ ክብደታቸውን ሳላውቅ አይሆንም› ብሎ እያንዳንዳቸውን እንደ ሕፃን አቀፋቸው። ቁመታቸውን ደግሞ በልጥ ለካ፣ ካሚዮኑ ላይ ለሚወጠርላቸው የጠፍር አልጋ። የሁሉም ልክ እዚህ ችንካር ላይ ነበር። ረዥሙ የለም።»

«ረዥሙ የማን ነበር?»

ገላነሽ አየቻት። «እርስዎ ያውቁታል» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዘሩን አውድማው ላይ አገኘችው። የእናቷ ልጅ፣ ታላቋ፣ አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት።

«አያ፣ ደርበው ግቢ ገብተው ነበር?»

«ጠፍሬን ወርውሬ ተመለስሁ። እዚያ ቤት እግሬም አይገባ።»

«እጅጉ እንዴት አደረ?»

የዘሩ ፊት በራ። «ዛሬ ይሻለዋል። ታያለሽ፤ ከዛሬ ወዲያ ይሻለዋል።»

እጅጉ ከቆሰለ ጀምሮ እንዲህ ያለ ፊት አላየችበትም። ፈራች። ወደ ዋሻው ወጣች።

እጅጉ እንደ እሳት ይፋጃል። «አክስቴ፣ ካሚዮኑ አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው።» ላቡን ልትጠርግለት ጋቢውን ገለጥ ስታደርግ ወገቡ ላይ ልጥ ታስሮ አየች። «ይሄን ማን አሰረልህ?»

«አባ። ጠዋት መጥቶ። ‹የተወሰደብህን መልሼልሃለሁ› አለኝ። ምን ተወሰደብኝ? ጠየቅሁት፤ ዝም ብሎ ሳመኝ።»

ጋቢውን መልሳ አለበሰችው። ከዋሻው ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዝም ካለች ቢሰጥ ይሰቀላል፤ ቢሰጥ ከተሰቀለ እጅጉ እዚሁ ይሞታል። ከተናገረች ወንድሟ ነው። ዝም ማለቱን ፈለገችው፤ ከልቧ ፈለገችው። ከዚያ ተነሣች።

አውጫጩ ከደርበው አጥር ሥር፣ ሾላው ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። ግራዝማች በርጩማ ላይ ነው። ቢሰጥ እንደታሰረ ቆሟል። ዘሩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ተቀምጧል። ገላነሽ ለብቻዋ ነች፤ ማንም አልተጠጋትም።

«አጭር ነው የምናገረው» አለች አቻምየለሽ። «ግንዱ የተመታው በድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከካቡ ተነቅሎ የመጣ ነው። መዶሻ አጠገቡ እያለ ግቢውን አቋርጦ ድንጋይ ፍለጋ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የቸኮለ» አለ አንዱ።

«የቸኮለማ መዶሻውን ያነሣል። ይሄ ሰው መዶሻውን መንካት የፈራ ነው። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ቢሰጥ ግን መዶሻው እጁን አቁስሎታል፤ ለምዶታል። ገላነሽ ቤቷ ነው። እነሱ ድንጋይ ምን ይሠራላቸዋል?»

ግራዝማች ተቁነጠነጠ። «የቀረነው ሁላችንም እንፈራለን እኮ።»

«አዎ፤ ሁላችንም። ከኛ መሀል ደግሞ ዛሬ ጠዋት እዚህ የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ እርስዎ ነዎት፤ ያንን ድንጋይ ባንድ እጅ አያነሡትም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ገዳዩ ሲወጣ ከችንካሩ ላይ አንድ ነገር ይዞ ሄዷል። ጠመንጃ አይደለም፣ ብረት አይደለም። የአንድ ቁስለኛ ልክ፣ ቁራጭ ልጥ። ለጣሊያን ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ልጁ የተወሰደበት ለመሰለው አባት ነው። ልጡን አሁን እጅጉ ወገብ ላይ አይቼ መጣሁ።»

ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አያ» አለች። «አልተሳሳትሁም?»

ዘሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። «አልተሳሳትሽም። አቅፎት አየሁ። ዓይን ዓይኑን እያየ አቀፈው፣ በማግስቱ ልጄ ነደደ። ቀጥሎ ለካው። ሰው በሕይወቱ ሳለ የሚለካው ለምንድን ነው? ለመቃብር ነዋ! ልጄን ሲበላው ቁጭ ብዬ ልይ? ሚስቱ ስትወርድ ጠብቄ ተመልሼ ገባሁ።»

ገላነሽ ተነሥታ ካሚዮኑ ላይ ወጣች። ጠፍር የተወጠረበትን አልጋ፣ ከሁሉም የሚረዝመውን፣ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ ነው የልጅዎ መቃብር፣ አቶ ዘሩ። መሀል ላይ ነው ያደረገለት። ‹የዚህ ልጅ እግር ንቅናቄ አይችልም፣ መሀሉ አይነጥርም› ብሎ። ጠፍሩም ጠዋት የወረወሩት ነው፤ እርስዎ እንደሄዱ ወዲያው ወጠረው።»

ዘሩ ጠፍሩን አየ። የገዛ በሬው ቆዳ ነው። መሬት ላይ ተቀመጠ።

ግራዝማች በግራ እጁ ሽጉጡን ሳበ። «ገላነሽ፣ ደሙ ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

«አንድ ቡሎን ቀርቷል» አለች ገላነሽ።

«እ?»

«አላጠበቀውም። ሳያጠብቀው ነው የወደቀበት። ቢሰጥን ፍቱት፣ ካሚዮኑን በክሪክ ያንሣልኝ። ደሙን ካሚዮኑ ሲመለስ እንነጋገራለን።»

መፍቻውን ከባሏ ጣት አንድ በአንድ አላቅቃ ወሰደች። ቢሰጥ ካሚዮኑን አነሣ። ግንዱን ደግፎ የሚይዝ ሰው አስፈለገ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እሳቸው ይያዙልኝ» አለች ገላነሽ፣ ወደ ዘሩ እያየች። ከዚያም ባሏ የሞተበት ቦታ በጀርባዋ ገባች።

ዘሩ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ያዘ። ቡሎኑ ጠብቆ እስኪያበቃ ድረስ እንባው በግንዱ ላይ ይወርድ ነበር። እሷ ስትወጣ ራሱ እጁን ለግራዝማች ሰጠ። አሰሩት። አቻምየለሽ ጋቢውን አልብሳ ገመዱን ሸፈነችለት።

ቁስለኞቹን በቃሬዛ አውርደው ጫኗቸው። እጅጉ መሀል ላይ ተኛ። ካሚዮኑ ከፍ ስላለ አባቱን ከሩቅ አየው።

«አባ አይመጣም እንዴ አክስቴ?»

«ይከተላል» አለችው።

ቢሰጥ አስነሣው። ካሚዮኑ እርሻውን አቋርጦ ወደ ሸለቆው ወረደ። በቆሰለ ጊዜ በቃሬዛ ሲያመጡት እጅጉ ሲጮህ የነበረው እዚያ ሸለቆ ድንጋይ ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። የፊቱ ጎማ ድንጋዩን ረገጠ፣ ባሌስትራው ጎበጠ፣ ተመልሶ ቀና አለ። የኋላውም ረገጠ። ጎበጠ። ቀና አለ።

ከካሚዮኑ ላይ አንድ እጅ ከፍ ብሎ ተውለበለበ።

«አባ!» አለ እጅጉ፤ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ቀጭን ሆኖ መጣ። «አባ፣ አያመኝም!»

ዘሩ እጁን ሊያነሣ ታገለ። ገመዱ አልፈቀደለትም። አቻምየለሽ የሷን አነሣችለት።