የአርባ ስምንት ሰዓት ፊልም

«ምን ይላል?» አለች ሃሊማ፣ የፈንዲሻውን ሳህን ጭኗ ላይ እንዳደረገች።

ልጇ ዛህራ ተጠግታ አነበበች። ከላፕቶፑ ወደ ቴሌቪዥኑ የተዘረጋው ገመድ ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ጽሑፉ በትልቁ ስክሪን ላይ ጎልቶ ይነበባል። የኪራይ ጊዜው አልቋል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል፦ መታየት የጀመረው ማክሰኞ፣ 4:47፣ ከሰዓት በኋላ።

«አልከፈት ብሎ ነው እማ» አለች በመጨረሻ።

ፊልሙን በኢንተርኔት የተከራየላት ዱባይ የሚሠራው የአጎቷ ልጅ ሀቢቡ ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል ውጤቷ ሽልማት። «አንቺው ምረጪ» ስላላት ሦስት ቀን ሙሉ ስታማርጥ ከርማ፣ አውሮፕላን ማብረር የምትማር የገበሬ ልጅ ታሪክ መረጠች። ቡታጅራ ላይ ኢንተርኔቱ እንኳን ፊልም፣ ፎቶም በመከራ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ ወንድሟ ሙባሪክ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ጫነላትና ባለፈው እሑድ ይዞላት መጣ።

«ሠላሳ ቀን ይጠብቅሻል» አላት። «አንዴ ከከፈትሽው ግን አርባ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በራሱ ይዘጋል። ቅዳሜ ከእማ ጋር እዩት። ላፕቶፑን ለሰው እንዳትሰጪ። በደንብ ከያዝሽው እስከ ክረምት አንቺ ጋ ይቆያል፤ እኔ የግቢውን ኮምፒውተር እጠቀማለሁ።»

ማክሰኞ፣ 4:47። በሀገሩ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከአርባ ሰባት። ማክሰኞ በእነ ዛህራ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበር የዋለው። ከአስፋልቱ ማዶ ግን አልጠፋም። ዛህራም መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ላፕቶፑን ይዛ ቻርጅ ልታደርግ ጓደኛዋ ሃኒ ቤት ሄደች። ሰክታው ወጣች፤ ሊመሽ ሲል ተመልሳ ወሰደችው። ሙባሪክ «ለሰው እንዳትሰጪ» ሲል ሃኒን ማለቱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበረች። ሃኒ ሰው ናት እንዴ? ሃኒ ሃኒ ናት።

አሁን ሃኒ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደቃቃዋ መስመር ላይ ሲያርፍ ዛህራ አየች። ወዲያው ሃኒ ብድግ ብላ «ገመዱ ነው መሰለኝ» አለችና መዘዘችው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ዛህራ ተነሳች። «ውሃ እንቅዳ፣ ነይ» አለቻት።

ጓሮ፣ እንሰቱ አጠገብ ካለው የውሃ በርሜል ሲደርሱ ዞረችባት።

«ከማን ጋር አየሽው?»

«ምኑን?»

«ሃኒ!»

ሃኒ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ጫረች። «ከወርቅውሃ ጋር» አለች፣ የክፍላቸውን ልጅ ጠርታ። «‹ቴሌቪዥን ላይ እንሰካው› አለችኝ… በማርያም፣ እንደሚዘጋ አላወቅሁም! ፊልም ታይቶ ያልቃል እንዴ? ቆሎ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዛህራ ትስቅ ነበር። ደግሞም እውነቷን ነው፤ ስለ አርባ ስምንቱ ሰዓት አልነገረቻትም።

«ሐሙስስ?» አለች።

«ሐሙስ ምን?»

«በእረፍት ሰዓት ታሪኩን ስነግርሽ አፍሽን ከፍተሽ ስትሰሚኝ ነበር። ‹መጨረሻ ላይ ይሳካላት ይሆን?› ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ‹ቅዳሜ አብረን እናያለን› አልኩሽ።»

ሃኒ ዓይኗን ወደ በርሜሉ መለሰች።

«አይተሽው ነበር እኮ።»

«ሼም ያዘኝ፣ በቃ! እንደዚያ ደስ ብሎሽ እያወራሽ ምን ብዬ ልንገርሽ? አታካብጂ ዛሂ፣ አንድ ፊልም ነው።»

ዛህራ የሐሙሷን ራሷን በሐሳቧ አየቻት፤ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚነሳ ስታሳይ። ያን ጊዜ ወርቅውሃ ከኋላ ቆማ በምን እንደሳቀች የገባት ገና አሁን ነው። ፊቷ ጋለ።

«ዛህራ! ሙባሪክ ነው፤ ነይ አናግሪው!» ብላ ሃሊማ ከሳሎን ተጣራች። ነገሩ ግራ ቢገባት ለልጇ ደውላ ኖሯል።

ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አሰላሙ ዓለይኩም ዛህራ። ምን አለሽ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ጊዜው አልቋል ይላል። ማክሰኞ ተከፍቷል ነው የሚለው።»

ሙባሪክ አይጮህም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። «ለሰው ሰጥተሽው ነበር?»

ዛህራ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሃኒ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አሰገገች። «ኧረ ማን ይነካዋል ሙባሬ! እሷው ሳታውቀው ከፍታው ይሆናል። መነካካት ስትወድ ታውቃት የለ?» አለች፣ ሳቅ በቀላቀለ ድምፅ።

ሃሊማ ልጇን በትዝብት አየቻት። «አንቺ ልጅ…»

«እንግዲያው ስመጣ ላፕቶፑን እወስደዋለሁ» አለ ሙባሪክ። «ፊልሙ አይደለም እኮ። አምኜሽ ነበር።»

«ሃኒ ናት» ማለት ቀላል ነበር፤ ሁለት ቃል። ዝም ማለትም ቀላል ነበር፤ ሃኒ ባጠፋች ቁጥር ዛህራ ዝም ስትል ነው የኖረችው።

ስልኩን አነሳች።

«ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «መብራት ስላልነበረ ቻርጅ ላደርግ ወስጄዋለሁ። አትስጪ እያልከኝ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ብትወስደውም አልቀየምህም።»

«የት ወሰድሽው?»

«ሃኒ ቤት። የቀረውን እሷ ትነግርሃለች።»

ሃኒ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ «ዛሂ፣ ፕሊስ» አለች። ዛህራ ስልኩን ዘረጋችላት።

«ሃሎ?» ይላል ሙባሪክ። «ሃሎ? ማን አለ?»

ሃኒ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ዛህራ አልጮኸችባትም፣ አልሰደበቻትም። የዘረጋችውን እጅ ግን አልሰበሰበችም።