ከሕያዋን ናት ከሙታን?

ሟርት፣ የሙት መንፈስ፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት አንዷ እኔ ነበርሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም እንጂ የማላየውን ነገር የምፈራ አይደለሁም፣ የምፈራው ሰውን ነው፣ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም።

ታላቅ እህቴ ይታይሽ ሞጣ ልብስ ትሰፋ ነበር። የልብ ሕመሟ ሲጸናባት ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ፣ እዚያ አንዲት ተመራማሪ ዶክተር ከሁለታችንም ክንድ ጥፍር የምታህል ቆዳ ለመነችን። "ከዚች የልብ ሥጋ እናበቅልና በማሽን እናትመዋለን፣ የታመመውንና ጤነኛውን ጎን ለጎን አድርገን መድኃኒት እንሞክርበታለን" አለች።

ይታይሽ ሳቀች። "አትሙት፣ ቀበሌ እንደሆነ ለማተም ሰውየው የለም ነው የሚለኝ።"

መድኃኒቱ ሳይደርስላት ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ዶክተሯ በስልኬ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ምስር የሚያህሉ ሁለት ነገሮች ውሃ ውስጥ ይመታሉ፣ የኔዋ ሳታዛንፍ፣ የይታይሽ ሁለቴ መታ ታደርግና ትዘላለች። ለእናቴ አልነገርኋትም። "ሙሉ ገላዋን ለአፈር አስረክቤያለሁ፣ አሁን ታርፋለች" እያለች ነው የምትጽናናው፣ ልጅሽ ልቧ ገና ይመታል ተብሎ እንዴት ይነገራል?

በአርባዋ ቀን ጠዋት፣ እናቴ ያለችበት ቢቸና፣ በቅዳሴ የሚነበበውን ስም እንዳስጽፍ እናቴ ላከችኝ። የማያውቁኝ ቄስ ናቸው፣ ወረቀቱን ለሕያዋንና ለሙታን ብለው ለሁለት ከፍለውታል። የእህቴ አርባ ነው ብዬ የሁለታችንን የክርስትና ስም ሰጠሁ፣ የይታይሽን ወለተ ማርያም፣ የኔን ወለተ ሥላሴ።

"ወለተ ማርያም ከሕያዋን ናት ከሙታን?"

እመኑኝ፣ ያች ምስር የምታህለው ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

"ከሕያዋን" አልሁ።

"እንግዲያስ ያረፈችው ወለተ ሥላሴ ናት፣ ነፍሷን ይማር" ብለው ጻፉ።

አይደለም ልል አፌን ከፈትሁ፣ ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ "እኛም ሙት አለን እኮ፣ ልጄ" አሉኝ፣ አፍሬ ወጣሁ። ደጀ ሰላሙን ሳልፍ ከነጠላዬ ሥር መታ፣ መታ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስልኬን ባወጣው ጨለማ ነው፣ ቪዲዮ የለም፣ ድምፁ ግን አለ።

በቅዳሴው ቄሱ ከሙታን ጋር "ወለተ ሥላሴ" ብለው ሲያነቡ እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት ዶክተሯ ደወለች። "ዛሬ ጠዋት የይታይሽ ተስተካክላ መምታት ጀመረች፣ የምትዘለው ያንቺዋ ናት። ምናልባት ስም ስንለጥፍ አቀያይረን ይሆናል፣ እያጣራን ነው" አለች። የኛን ወረቀት አልነገርኋትም።

ሞጣ ስመለስ ከመናኸሪያው እስከ ቤት ትንፋሽ አጥሮኝ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። ጉንፋን ይሆናል። ቢቸና ሄጄ ስሞቹን ይለውጡልኝ ማለት እችላለሁ፣ እናቴም ታርፍ ነበር፣ ግን ባስለውጠው የይታይሽ መልሳ ብትዘልስ? ሁለት ጊዜ የቢቸና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳይነሣ ወርጃለሁ።